ግማሽ ነጥብ

በ1988 በተሰሎንቄ በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ የሴቶች ውድድር ሃንጋሪ 33 ነጥብ፣ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ 32½ ነጥብ ይዘው ጨረሱ። (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሦስተኛ የወጣችው ዩጎዝላቪያ 28 ነበራት። ይህን ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው ሁለት ቡድኖች ብቻቸውን ሮጠው አንዱ በጣት ጫፍ ቀድሞ እንደገባ ይረዳል። የማይረዳው ነገር ቢኖር ከአራቱ የሶቪየት ተጫዋቾች አንዷ ውድድሩ ሲያልቅ ከተማው ውስጥ እንዳልነበረች ነው። ኤሌና አክሚሎቭስካያ በሁለተኛው ገበታ ላይ ተቀምጣ ከዘጠኝ ጨዋታ ስምንት ተኩል ነጥብ ሰብስባለች። ከዚያ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ሲቀሩ የአሜሪካ ወንዶች ቡድን መሪ የነበረውን ጆን ዶናልድሰንን እዚያው ግሪክ ውስጥ አግብታ ወደ አሜሪካ በረረች። ሲያትል ገባች፤ በዚያው ቀረች።

የሶቪየት ሴቶች ከ1957ቱ የመጀመሪያ ኦሊምፒያድ ጀምሮ በተሰለፉበት ሁሉ አሸንፈው ነበር። ወርቁ ያመለጣቸው በ1976 ብቻ ነው፤ ያኔም ውድድሩ እስራኤል ውስጥ ስለነበረ መንግሥታቸው ሳይልካቸው ቀርቶ ነው እንጂ ተሸንፈው አይደለም። ስለዚህ ግማሿ ነጥብ ቀላል አልነበረችም። ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ዙፋን የተናጋባት ነጥብ ናት፤ ተጠያቂ ሲፈለግላትም በአውሮፕላን የሄደችው ሴት ቅርብ ነበረች።

ይህ ፍርድ ትክክል ነው? ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አክሚሎቭስካያ በመጋቢት 1957 በሌኒንግራድ ተወለደች። ቼዝ የቤት ነገር ነበር፤ እናቷም ተጫዋች ናቸው። ልጅነቷን በሳይቤሪያዋ ክራስኖያርስክ አሳለፈች፣ ኋላ መኖሪያዋን ጆርጂያ አደረገች። ይህ የመጨረሻው የአገር ለውጥ ለሴት ቼዝ ተጫዋች ወደ ምንጩ መውረድ ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ለሙሽራ ከሚሰጠው ጥሎሽ መካከል የቼዝ ገበታ ይገኝ ነበር ይባላል። ጥሎሹ እውነት ይሁን ተረት፣ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ ከ1962 እስከ 1978፣ ከእሷ ቀጥሎ ማያ ቺቡርዳኒዜ እስከ 1991 የዓለም ሻምፒዮን መሆናቸው ግን የተመዘገበ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘውዱ ከዚያች ትንሽ አገር አልወጣም።

አክሚሎቭስካያ በ1977 የሴቶች ግራንድማስተር ሆነች። በ1978 በቦነስ አይረስ፣ በ1986 በዱባይ ወርቅ ካመጣው የሶቪየት ቡድን ውስጥ ነበረች። ትልቁ ዓመቷ ግን ያው 1986 ነው። በስዊድን ማልመ ከተማ የተደረገውን የተፎካካሪዎች ውድድር አሸንፋ ቺቡርዳኒዜን የመግጠም መብት አገኘች። ግጥሚያው ግማሹ ሶፊያ፣ ግማሹ ጆርጂያ ውስጥ በቦርጆሚ ተካሄደ። ሻምፒዮኗ 8½ ለ5½ አሸነፈች። ልዩነቱ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአሥራ አራት ጨዋታ በኋላ የዓለም ሻምፒዮንን ይህን ያህል የተጠጋ ሰው በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ዕድል እንዳላት ማንም አይጠራጠርም ነበር።

ሁለተኛው ዕድል አልመጣም። ተሰሎንቄ መጣች።

በሶቪየት ቼዝ ውስጥ ከውጭ አገር አለመመለስ ምን እንደሚያስከፍል የታወቀ ነበር። ቪክቶር ኮርችኖይ በ1976 አምስተርዳም ላይ ጥገኝነት ሲጠይቅ ሚስቱና ልጁ እዚያው ቀሩ፤ ልጁ ኢጎር ለውትድርና አልቀረበም ተብሎ ታሰረ፤ ከአገር የወጣው በ1982 ነው። ኮርችኖይ በሚገኝባቸው ውድድሮች የሶቪየት ተጫዋቾች ለዓመታት አይቀርቡም ነበር። አክሚሎቭስካያ የሄደችው በጎርባቾቭ ዘመን በመሆኑ ቅጣቱ ያን ያህል አልከበደም። ያም ሆኖ ወደ አየር ማረፊያው ስትሄድ ትንሽ ሴት ልጇ ከአያቷ ጋር ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነበረች። የዚያን ሳምንት ጋዜጦች ነገሩን የፍቅር ልቦለድ አድርገው ጻፉት። ልጅን ለአያት ትቶ፣ የሚመጣበትን ቀን ሳያውቁ ድንበር መሻገር ግን በሱዳን በኩል ያለፈ፣ ወይም ከዓረብ አገር ለእናቱ ብር እየላከ ልጁን በስልክ ያሳደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ሒሳብ ነው። ልቦለድ ብሎም አይጠራውም። ልጅቱ በኋላ አሜሪካ ገባች።

አሁን ወደ ግማሿ ነጥብ እንመለስ። ያኔ የሴቶቹ ቡድን በየዙሩ ሦስት ያሰልፍ፣ አንድ ተጠባባቂም ይይዝ ነበር። አራተኛዋ ስትሄድ የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም ቺቡርዳኒዜ፣ ኢሪና ሌቪቲና እና ማርታ ሊቲንስካያ፣ ያለ ዕረፍት መጨረስ ነበረባቸው። ይህ ጉዳት ነው፤ ማስተባበል አይቻልም። በሌላ በኩል ሃንጋሪን የወከሉት ሦስቱ የፖልጋር እኅትማማቾችና ኢልዲኮ ማድል ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ዩዲት ከአሥራ ሦስት ጨዋታ አሥራ ሁለት ተኩል አገኘች። እንዲህ ያለ ልጅ በተቃራኒ ወገን ሲቀመጥ ግማሽ ነጥብ ከየት እንደ ጎደለ መፈለግ ከባድ ነው። ፍርዱን ይበልጥ የሚያላላው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ1990 በኖቪ ሳድ ሶቪየት ኅብረት ማንም ሳይጎድልባት፣ ቺቡርዳኒዜና ጋፕሪንዳሽቪሊን አሰልፋ ቀረበች። ከሃንጋሪ ጋር እኩል 35 ነጥብ አገኙ፤ ወርቁ በመለያ ስሌት እንደገና ለሃንጋሪ ሆነ። ለሶቪየት ሴቶች የመጨረሻው ኦሊምፒያድ ያ ነበር። ዙፋኑን የነቀነቁት ቡዳፔስት ውስጥ በአባታቸው ዕቅድ ያደጉት እኅትማማቾች ናቸው፤ የአክሚሎቭስካያ መሄድ ያፈጠነው ቢኖር የማይቀረውን ነው።

ሲያትል ስትገባ ያገኘችው ከተማ ለቼዝ ባዳ አልነበረም። ደማስቆ የተወለደው ያሴር ሴይራዋን ቼዝ የተማረው በዚህ ከተማ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በነበረው ‹ላስት ኤግዚት› ቡና ቤት ሲጫወት አድጎ ግራንድማስተር ሆኗል። ‹ኢንሳይድ ቼስ› የተባለውን መጽሔት በ1988 የመሠረተውም እዚሁ ነው፤ ዶናልድሰን ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። ይሁንና ሲያትል ሞስኮ አይደለችም። በሶቪየት ኅብረት ለቼዝ ተጫዋች መንግሥት ደመወዝ ይቆርጥለታል፣ አሠልጣኝ ይመድብለታል፣ ውድድር ያዘጋጅለታል። አሜሪካ ውስጥ ያ ሁሉ የራስ ጉዳይ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ጭምር።

በአዲሱ አገር ኤሌና ዶናልድሰን ተብላ የአሜሪካን የሴቶች ሻምፒዮና በ1990 እና በ1994 አሸነፈች፣ በ1993 ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ወጣች። ያቺ ሌላ ሰው ኢሪና ሌቪቲና ነበረች።

የሌቪቲናን ነገር እዚህ ላይ ዘሎ ማለፍ አይገባም። እሷም የሌኒንግራድ ልጅ ናት፤ እሷም በ1984 ቺቡርዳኒዜን ለዓለም ዘውድ ገጥማ ተሸንፋለች። ከዚያ በፊት ወንድሟ ወደ እስራኤል ስለተሰደደ እሷ ራሷ ከውድድር ታግዳ ታውቃለች፤ ማለትም ሌላ ሰው በመሄዱ ተቀጥታለች። ተሰሎንቄ ላይ ደግሞ ጓደኛዋ ስትሄድ የቀሩትን ዙሮች ከተጫወቱት አንዷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷ አሜሪካ መጣች። በ1993 ሁለቱ የቀድሞ የቡድን ጓደኞች የሌላ አገር ዘውድ ለሁለት ተካፈሉ። ኋላ ሌቪቲና ቼዝን ትታ ወደ ብሪጅ ካርታ ዞረች፤ በዚያም የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከቼዝ መውጣት ከማሰብ መውጣት እንዳልሆነ ከእሷ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አክሚሎቭስካያ የተለየ መንገድ ያዘች። ከዶናልድሰን ጋር ያላት ትዳር አልቀጠለም። ከዚያም በሲያትል የቼዝ ትምህርት ቤት ያቋቋመውን፣ እንደ እሷ ከሶቪየት ኅብረት የመጣውን ጆርጂ ኦርሎቭን አገባች፤ ልጆች ወደ ማስተማርም ዞረች። ጋሪ ካስፓሮቭ በመጋቢት 2005 ሊናሬስ ላይ ውድድሩን አሸንፎ ሲያበቃ በቃኝ ብሎ ለዓለም አስታውቋል፤ መሰናበቻውም እንደ ጨዋታው ታላቅ ነበር። የአክሚሎቭስካያ ማቆም እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ውድድሩ እየሳሳ፣ የተማሪው ወንበር እየበዛ ሄደ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያቆመው እንዲህ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ግን ቀን ስለሚፈልግ ይቸገራል።

ለሐበሻ አንባቢ ቅርብ የሆነ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካን ሲዞር ከአባላቱ የተወሰኑት ወደ ደርግ አገር አልተመለሱም። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ ተሳፋሪ በሌለ ጊዜ ኪቦርዱን ከመኪናው እያወጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኘው፤ መድረክም ላይ ተመለሰ። ሙዚቃ ይህን ዕድል ይሰጣል፤ ካሴት ሃያ ስምንት ዓመት ይጠብቃል። የቼዝ ጉልበት አይጠብቅም። ከሰላሳ አንድ ዓመት በኋላ ያሉት አምስት ስድስት ዓመታት፣ በተፎካካሪዎች ውድድር ያልዋሉበት፣ ተመልሰው አይመጡም። የተሰሎንቄ ትክክለኛ ዋጋም ያ ይመስላል። ከፈለችው የሶቪየት ቡድን ሳይሆን እሷ ናት።

በምላሹ ያገኘችው ነገር በሜዳሊያ አይቆጠርም፤ በሲያትል ግን ዛሬም ይታያል። በዚህ ከተማ ቼዝ የልጆች ነገር ሆኗል። ባቡሩ ከመሬት ሥር የሚቆምለት ቢከን ሂል፣ ከሥሩም እስከ ሬኒየር ሸለቆ ድረስ የእንጀራ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን የተዘረጉበት የደቡብ ሲያትል ክፍል ከዚህ ውጭ አይደለም። ከቢከን ሂል በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሬኒየር ቢች፣ መርማሪ ፖሊሷ ዴኒዝ ቦልዲን፣ ልጆቹ ‹ኩኪ› የሚሏት፣ ከ2006 ጀምሮ የሠፈሩን ልጆች ቼዝ ስታጫውት ኖራለች፤ በስሟም የቼዝ መናፈሻ ተሠርቷል። የእኛ ልጆች እንዲህ ባሉ ቦታዎች የሚማሩት ጨዋታ ለአያቶቻቸው አዲስ አልነበረም። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና መኳንንት ቤት ሰንጠረዥ ለዘመናት ተጫውተውታል። አጀማመሩ ‹ወረራ› ይባል ነበር፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጅ በእጅ እየተሻሙ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደንቡን በ1971 ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ይኖር እንደሆነ ያጠራጥራል። ፈርዝ የምትባለው ጠጠር በአውሮፓው ጨዋታ ገበታውን የምታጥለቀልቅ ንግሥት ሆነች፤ በእኛው ግን በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ የምትሄድ እንደ ሆነች ቀረች።

ኤሌና አክሚሎቭስካያ በኅዳር 18 ቀን 2012፣ ተሰሎንቄን ከለቀቀች ሃያ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአንጎል ካንሰር ሞተች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነበር። የ1988ቱ የኦሊምፒያድ መዝገብ የሶቪየትን ቡድን ሲዘረዝር አራቱንም ሴቶች ያስቀምጣል፤ ከሁለተኛው ገበታ አንጻር ያለው ውጤት ከዘጠኝ ስምንት ተኩል ነው።