የመቃብር ሐውልት ጽሑፍ

በመቃብር ድንጋይ ላይ የሟቹን ማንነት ለመግለጽ የሚቀረጽ አጭር ጽሑፍ ነው። ስምና የልደትና የሞት ዘመን መሠረቱ ሲሆኑ ጸሎት፣ ሙገሳ፣ ቀልድ፣ አንዳንዴም ዛቻ ይታከልበታል።

ቃሉን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ቤተሰብና ወዳጆች ናቸው፤ ሙገሳው መብዛቱም አያስገርምም። አስቀድመው ራሳቸው የጻፉም አሉ። በ1826 እ.ኤ.አ. ያረፈው ቶማስ ጄፈርሰን በሐውልቱ ላይ ሦስት ነገሮች ብቻ እንዲቀረጹ አዘዘ፦ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫና የቨርጂኒያን የሃይማኖት ነጻነት ሕግ መጻፉ፣ እንዲሁም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን መመሥረቱ። አንድ ቃል እንዳይጨመርም አስጠንቅቋል። ሁለት ጊዜ የተመረጠበት ፕሬዚዳንትነት ከዝርዝሩ የለም! ሰዎች ለማስታወሻ እየሸረፉ የጎዱት የመጀመሪያው ሐውልት በ1883 ለሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፣ መቃብሩ ባለበት በርስቱ በሞንቲቼሎ በትልቅ ሐውልት ተተካ።

በእንግሊዝ ስትራትፎርድ ቤተ ክርስቲያን የሼክስፒርን መቃብር የሸፈነው ድንጋይ ስም እንኳ የለውም፤ ያሉት አራት ስንኞች አጥንቱን የሚያንቀሳቅስን ይረግማሉ። አጥንት እየቆፈሩ ለአዲስ ሟች ቦታ መልቀቅ በተለመደበት ዘመን ይህ ተራ ማስፈራሪያ አልነበረም። ሮም ያረፈው ገጣሚ ጆን ኪትስም ስሙ እንዳይጻፍ ጠይቆ ነበር፤ ወዳጆቹ ስሙን ቢተዉም በተቺዎቹ ላይ የነበራቸውን ምሬት እሱ እንዲቀረጽ ከጠየቀው ቃል ጋር አስቀረጹት።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ሐውልቶች ላይ መስቀል፣ የሟቹ ፎቶግራፍ፣ ማዕረግና አጭር የሕይወት ታሪክ በብዛት ይታያሉ፤ ዘመኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል።