የአንኮበር ጠቢባንና እሳትን የሚችል ሸክላ

እሳትን የሚችል ሸክላ ዛሬ የታላላቅ ፋብሪካዎች ጉዳይ ይምሰል እንጂ፣ በአገራችን ከአንጥረኛው ወናፍ ጋር የኖረ ነገር ነው። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ብረቱን የሚቀጠቅጡት፣ ምጣዱንና እንስራውን የሚያበጁት «ጠቢባን» የሚባሉት ባለሙያዎች ነበሩ። ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ በሸዋ የቆየው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በአንኮበር አቅራቢያ ይኖሩ ስለነበሩት ስለነዚሁ ሰዎች ጽፏል።

የአንጥረኛው ምድጃ ሲመረመር፣ ነፋሱን ከቆዳው ወናፍ ወደ ፍሙ የሚያደርሰው ቱቦ ከሸክላ የተሠራ ሆኖ ይገኛል። ብረት ከማዕድኑ የሚለየው 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ግለት ነው። በዚህ ግለት ብረት ራሱ ይለዝባል፤ ነፋስም ሲያገኘው ይቃጠላል። ሸክላው ግን፣ በውስጡ ባሉት ሲሊካና አሉሚና ኃይል፣ ሥራው እስኪፈጸም ጸንቶ ይቆማል።

ዘመናዊው ኢንዱስትሪ ይህንኑ አሉሚና አጣርቶ፣ በከፍተኛ ግለት አጠንክሮ ይጠቀምበታል። ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በጥንካሬው ከአልማዝ በታች ካሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። የመኪና ካንዴላ ነጩ ክፍል፣ የብረት መቁረጫ ስለትና የምድጃ ሽፋን የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ጉድለቱ መሰንጠቁ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር የምታዋሕደው ስንጥቁ እንዳይስፋፋ ነው፤ የዛሬው መሐንዲስም በአሉሚናው ላይ ዚርኮኒያ ይጨምራል። መንገዱ ቢለያይም ዓላማው አንድ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዕውቀት ባለቤቶች ቡዳ ተብለው ተገለሉ። ንጉሡ የሚታጠቀውን የሠራ እጅ ከጎረቤቱ ማዕድ ተከለከለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ሆኖም ልማድ እንደ አዋጅ በአንድ ቀን አይሻርም። በንቀቱ ምክንያት የምድጃው ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ከመተላለፍ አልፎ ወደ ብራና አልገባም፤ ትምህርት ቤት ሲከፈትም በመጽሐፍ አልቆየውም። ስለዚህ የቁስ ምሕንድስና በአገራችን ከውጭ እንደመጣ እንግዳ ተቆጠረ፤ ጥንቱን ግን በአንኮበር ተራራ ሥር ጭቃ ሲያቦካ የኖረ የቤት ልጅ ነበር።