የሚሸጥ ተራራ አለ? (አንገር ጉቲን፣ ገንዲ እና ‹‹ባዶ መሬት›› የተባለው ተረት)

ሰሞኑን እኛ ዘንድ አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ መነጋገሪያ ሆኖ ሰነበተ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ያለ የከብት ርባታ ‹‹ከነግጦሹ›› ይሸጣል ይላል። ገዢው ከብቱን እያረባ፣ ሲያሻው ዓሣ እያጠመደ፣ በፈረስ እየተንሸራሸረ፣ እያደነ ይኖራል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዷ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ አንብባ ስትጨርስ ‹‹ይኼ አንገር ላይ ቢሆን ስንት ያወጣ ነበር?›› አለች። ሳቅን። ጥያቄው ግን አልለቅ አለን። እውነት አንገር ጉቲን ላይ እንዲህ ያለ ርባታ ይሸጣል ቢባል፣ ሻጩ ማን ነው? የሚሸጠውስ ምኑ ነው? ከብቱ? ሣሩ? ወይስ ተራራው?

እስቲ ለማያውቁት ቦታውን እናስተዋውቅ። አንገር ጉቲን ምሥራቅ ወለጋ፣ ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ፣ ከነቀምቴ ተነስቶ አባይን ተሻግሮ ቡሬ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣ ደጋ ደጋ ስትሸት፣ የአንገር ሸለቆ ግን ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። የአንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ አባይ ይገባል። በክረምት መጨረሻ አካባቢውን ያየ ሰው ‹‹ይኼ ሁሉ ሣር እያለ እንዴት ከብት አልሞላበትም?›› ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ የግድ ነው።

አያቶቻችን ቆላውን ለምን ፈሩ?

የጓደኛችንን አያት እኛም እንደ እርሷ ‹‹አኮ›› ነው የምንላቸው። ስለ አንገር ስንጠይቃቸው ነገሩን ባጭሩ ነው የቋጩት። ‹‹ልጆቼ፣ ድሮ አንገር ከወረደ በሬ የሚመለሰው ቆዳው ነው›› አሉን። ሰውን የሚያስፈራው ወባ ነበር፤ ከብቱን ደግሞ ገንዲ።

ገንዲ የደም በሽታ ነው። በዓይን የማትታይ ጥገኛ ነፍሳት በከብቱ ደም ውስጥ ትራባለች፤ ከብቱ ደሙ እያነሰ፣ ሣር ፊቱ እያለ እየከሳ፣ ፀጉሩ እየቆመ ይሄዳል። ላሟ ትጨነግፋለች፣ በሬው ቀንበር ሥር ይወድቃል። በሽታውን ከከብት ወደ ከብት የምታዛምተው የቆላ ዝንብ (ፄፄ) ናት። ይህቺ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል አትጥልም፤ አንድ አንድ እጭ ነው የምትወልደው። ጥላና እርጥበት ትወዳለችና በወንዝ ዳር ጫካና በቁጥቋጦ ውስጥ ትኖራለች። የዴዴሳና የአንገር ሸለቆዎች ደግሞ ለእርሷ የተሠራ ቤት ነበሩ። ላንግሪጅ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 የኢትዮጵያን የፄፄ ዝንብ ስርጭት አጥንቶ ሲያሳትም፣ የምዕራቡ የወንዝ ሸለቆዎች ዋናዎቹ መናኸሪያዎች ሆነው ነበር የተገኙት።

ስለዚህ የወለጋ ገበሬ ሞኝ አልነበረም። በስሙ የሚታወቀውን የሆሮ ከብት ደጋውና ወይና ደጋው ላይ አረባ። ሌሊት በረቱን ከማሳ ማሳ እያዛወረ መሬቱን በፋንድያ አዳበረ፤ በቆሎውንም በላዩ ዘራ። ቆላውን ደግሞ ቀፎ ሰቀለበት፣ አደነበት፣ ዝንቧ በማትበረታበት ወቅት ከብቱን አውርዶ አጋጠበት። ይህን ልብ በሉልን። ሸለቆው ሰው ስላልሰፈረበት ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። እያረፈ የሚሠራበት ሌላ ዓይነት ይዞታ ነበር።

ሌላም የታሪክ ጣጣ አለ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) ‹‹ክፉ ቀን›› በተባለው ዘመን የከብት መቅሰፍቱ ‹‹ደስታ በሽታ›› በምጽዋ በኩል ገብቶ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። ነቀምቴን በጊዜው የሚገዙት፣ ግዛታቸውን ለምኒልክ በቁርጥ ግብር ያቆዩት የሞረዳ በከሬ ቤተሰብ ነበሩ፤ ከልጃቸው ከኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት (ዛሬም ነቀምቴ ላይ ቆሞ ይታያል) ወደ መሐል አገር የሚጓዘውም ግብር ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር የተያያዘ ነበር። በዚያ ዘመን ዝሆን የሚታደንበት ምዕራብ ዛሬ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ነው። ጆን ፎርድ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ አፍሪካ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አስገራሚ ነገር አስተውሏል። ሰውና ከብት በብዛት የሚኖሩበት ቦታ ቁጥቋጦው ይመነጠራል፣ ዝንቧም ትሸሻለች። መቅሰፍት መጥቶ ከብቱን ሲፈጅ፣ ረሃብ ሰውን ሲበትን ግን ጫካው ይመለሳል፤ ዝንቧም አብራ ትመለሳለች። ከዚያ ከሩቅ የመጣ ሰው ያይና ‹‹ይኼማ ድንግል መሬት ነው!›› ይላል።

‹‹ባዶ መሬት›› ያለው ማን ነው?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 31ን አወጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት ተከለከለ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለጭሰኛው ታላቅ ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አዋጁ ሌላም በር ከፈተ። ‹‹የሕዝብ›› የተባለው መሬት ላይ ማን ምን እንደሚሠራ የሚወስነው መንግሥት ሆነ። አዲስ አበባ ካርታ ላይ ሆኖ ሲታይ ደግሞ የአንገር ሸለቆ ነጭ ወረቀት ነበር።

የመንግሥት እርሻ መጣ። ሰፈራ መጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሰሜኑን ሲመታ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሁለት ዓመት ግድም ውስጥ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓጓዘ። ከሁሉ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው ወለጋ ነበረች፤ አብዛኛው ሰፋሪም የወሎ ሰው ነበር። በፈቃዱ የመጣ አለ፣ ተገዶ የመጣም አለ፤ እህል ፍለጋ ከእርዳታ ጣቢያ ተሰልፎ ሳለ መኪና ላይ የወጣም አለ። ደጋ ለምዶ የኖረ ሰው በማያውቀው የወባ አገር ወረደ፤ ብዙ ሰውም በሕመም ረገፈ። አሉላ ፓንክረስት በዚያው ወለጋ ቀጦ በተባለው የሰፈራ ጣቢያ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ጥናት የእነዚህን ሰዎች ኑሮ በቅርብ ያሳያል።

በትልልቆቹ ጣቢያዎች መጀመሪያ የሚያርሰው የመንግሥት ትራክተር ነበር። በሬ ለምን? ‹‹ሶሻሊዝም በቀንበር አይታረስም›› የሚባልበት ዘመን አይደል! የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ግን የአምራቾች ማኅበራት ተበተኑ፤ ትራክተሩም ሄደ። ሰፋሪው ወደሚያውቀው ወደ በሬው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ጥንት አያቶች የፈሩት ገንዲ ደጃፉ ላይ ጠበቀው። ገበሬው ከእህሉ ሽጦ መርፌ መግዛት ጀመረ። መድኃኒቱ ግን ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ እየተደጋገመ፣ እየተሸራረፈ ሲሰጥ ደግሞ ጥገኛዋ ትለምደዋለች። የሚያስቆጨው ነገር ይኼ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ሸካና ቤንች አካባቢ ያለው የሸኮ ከብት ገንዲን በተፈጥሮው የመቋቋም ችሎታ አለው፤ ለብዙ ዘመን ከዝንቧ ጋር ኖሯልና። የሆሮ በሬ ግን ደጋ ስላደገ ይህ ዕድል አልገጠመውም።

ጫካው ሲመነጠር ዝንቧ በየቦታው ሸሸች። ይኼ ለከብቱ ጥሩ ዜና ነው። አብሮ የሄደው ግን ዛፉ፣ ቀፎው የተሰቀለበት ቅርንጫፍና የደጋው ሰው የበጋ ግጦሽ ነው።

ታዲያ ምኑ ይሸጣል?

ወደ ማስታወቂያችን እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት ‹‹የማይሸጥ የማይለወጥ›› ነው ይላል። ስለዚህ አንገር ላይ አንድ ሰው ቢሸጥ የሚሸጠው ከብቱን፣ አጥሩንና ቤቱን ነው። ባለሀብት ከሆነም በሊዝ የያዘውን የመጠቀም መብት ነው የሚያስተላልፈው። በአገራችን ‹‹ራንች›› የተባሉትም በአብዛኛው በመንግሥት እጅ የተወለዱ ናቸው። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው አንዳሳ የፎገራን ከብት፣ ጉዱሩ ያለውና በኋላ ወደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው ማዕከል ደግሞ የሆሮን ከብት ለማሻሻል የተቋቋሙ ናቸው። ከብት ያረባሉ እንጂ ሽርሽር አይሸጡም።

‹‹አይ፣ አሜሪካማ የራሷ ናት፣ ተራራው ራሱ ይሸጣል›› ብላችሁ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል (እኛም ተሳስተን ነበር)። በምዕራብ አሜሪካ ያለው አብዛኛው የተራራ ግጦሽ የፌዴራል መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ለከብት አርቢዎች የፈቃድ ወረቀት መስጠትን ደነገገ። ከብት አርቢው የገዛ መሬቱ ከተራራው ግርጌ ያለች ቁራሽ ናት፤ ‹‹ከነግጦሹ›› የሚባለው አብሯት የሚተላለፈው ፈቃድ ነው። ክፍያውም ለአንዲት ላም ከነጥጃዋ በወር ከ2019 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 1.35 ዶላር ብቻ ነበር። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ግጦሹ ‹‹የማንም›› ተብሎ ስለነበር ሁሉም እየተሽቀዳደመ አስግጦ መሬቱን አራቁቶት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ‹‹ባዶ›› የተባለው ምድር የቀደምት ሕዝቦች አገር ነበር። ታሪኩ አይመሳሰልም?

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እዚያ አርቢው በእጁ የያዘው ወረቀት አለ። እኛ ጋ ገበሬው ለማሳው የይዞታ ደብተር ሲያገኝ የጋራ ግጦሹ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456፣ መንግሥት የመሬት ባለቤት እንደመሆኑ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ ይችላል ብሎ ጻፈ። ‹‹አስፈላጊ›› የሚለውን ቃል የሚተረጉመው ማን እንደሆነ ለእናንተ እንተወዋለን። ለወጣት ሥራ ፈጣሪም ይሁን ለባለሀብት ወይም ለሰፋሪ፣ መሬት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ግጦሹ ነው። ምክንያቱም ‹‹ባዶ›› ነዋ!

የመንዝ ሰዎች ያወቁት

ግጦሽ ባዶ እንዳልሆነ ማየት የሚፈልግ ወደ መንዝ ይውጣ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን የጓሳን ተራራ የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ‹‹ቄሮ›› በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል (ከቅርቡ ዘመን ቄሮ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው)። የአስቦና የጌራ ዘሮች አባ ቄራ ይመርጣሉ፤ ጓሳው ለዓመታት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። ሲከፈት ሣር ይታጨዳል፣ ከብት ይገባል፤ ዝናብ ሲጥል ዳግም ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ፍጹም ሥርዓት ነበር አንልም፤ ከሁለቱ አባቶች ዘር ያልሆነው ጎረቤት ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። የ1967ቱ አዋጅ ይህን የዘር መብት ሲሽረው ጠባቂነቱም አብሮ ወደቀ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ቆይቶ ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው በየቀበሌያቸው ኮሚቴ አቋቁመው፣ የዘሩን አጥር አንስተው ጥበቃውን መለሱት፤ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚወጣ ጎብኚ የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት ያድራል። ግጦሽም፣ ሽርሽርም፣ በአንድ ተራራ ላይ! ማንም አልሸጠው፣ ማንም አልገዛው።

አንገርስ? አንገር ላይ የሽርሽሩን ነገር ለማንሳት እናፍራለን። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ ጊዳ ኪራሙ ላይ መጀመሪያ ታጣቂዎች በፈጸሙት ጥቃት፣ ቀጥሎም በተከተለው የብቀላ ግድያ ከ200 በላይ ሰው መሞቱን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ከዚያም በኋላ አካባቢው አላረፈም፤ ኦሮሞውም አማራውም ተፈናቀለ። በሁለቱም ወገን እሮሮ ውስጥ ከሟቾቹ ቀጥሎ የሚሰማው ‹‹ከብቶቻችንን ነዷቸው›› የሚል ነው። ለዚህ ሁሉ ደም ምክንያቱ ግጦሽ ነው ብለን አናቃልለውም፤ የፖለቲካው ድርሻ የትየለሌ ነው። ነገር ግን አንዱን ‹‹መጤ›› ሌላውን ‹‹ባለቤት›› አድርጎ ለሚያፋጥጥ ሰው ጭዱን ያቀበለው፣ ካርታ ላይ ‹‹ባዶ›› ብሎ የጻፈው እጅ ነው። ደጋ ያለው ሰው የበጋ ግጦሹን ሲያጣ አልተጠየቀም። ከወሎ የመጣውም ረሃብ ገፍቶት፣ የማን መሬት ላይ እንደሚወርድ ሳይነገረው ነው የወረደው። ሁለቱም ሳይመካከሩ ጎረቤት ሆኑ። በመካከላቸው ጓሳን የመሰለ፣ ‹‹እዚህ ጋ እንዝጋ፣ እዚህ ጋ እናጋጥ›› የሚባባሉበት ሸንጎ የፈጠረላቸው አልነበረም።

ይኼን ለአኮ ስንነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡን። ከዚያ ‹‹ከብት የሚበላው ሣር ብቻ አይደለም፤ ሰላምም ይበላል›› አሉ። ማስታወቂያው ላይ ያልነበረው ነገር ይኼው ነው። ለመሆኑ እናንተ በምትኖሩበት ከተማ ዳር ‹‹ባዶ›› የሚባል ሜዳ አለ? እስቲ ታላላቆቻችሁን ጠይቁልን፤ ማን ያስግጥበት ነበር?

ቸር እንሰንብት።