የቦንሃሙ እንደራሴ

ሳም ሬይበርንን ታሪክ የሚያነሣው በአፈ ጉባኤነት ወንበሩ ነው፤ እኔን ግን የሚስበኝ የጥጥ ማሳ ልጅነቱ ነው። በሰሜን ቴክሳስ፣ በ40 ኤከር እርሻ ላይ አደገ። እሑድ እሑድ አጥር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ መንገደኛ ብቅ ቢልልኝ እያለ ይናፍቅ እንደነበር ሸምግሎም ያወራው ነበር።

በ1913 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ዋሽንግተን ገባ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከ10 የአሜሪካ ገበሬዎች 9ኙ ያህል ከኩራዝ አልተላቀቁም ነበር፤ ኩባንያዎቹ ለተራራቁ ቤቶች ምሰሶ መትከል አያዋጣንም ባዮች ነበሩ። ሬይበርን ከነብራስካው ሴናተር ከጆርጅ ኖሪስ ጋር ያቀረበው የ1936ቱ ሕግ ምጽዋት አልነበረም። ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ፣ እስከ 25 ዓመት በሚከፈል የመንግሥት ብድር ሽቦውን ራሱ እንዲዘረጋ ፈቀደለት እንጂ። ከጉድጓድ ውኃ ስትስብ ወገቧ ለጎበጠ የገበሬ ሚስት ይህ ምን ማለት እንደነበር፣ ውኃ የቀዳ ያውቀዋል። ሕግ አውጪን በንግግሩ ርዝመት ለሚመዝኑ ወዳጆቼ ሁልጊዜ የማነሣው ይህንኑ ገመድ ነው።

ጉባኤው ሲበተን ወደ ቦንሃም ይመለሳል፤ ካባና ክራቫቱን አውልቆ የአገሬውን ሰው በቤቱ ይቀበላል። 48 ዓመት እንዲህ ኖረ። በ1961 ካንሰር ሲጸናበትም የመጨረሻ ቀኖቹን ያሳለፈው እዚያው ቦንሃም ነው።