ካሳ የሌለው በሽታ

በአገራችን ካሳ ከሕግ ቃልነቱ በፊት የሰው ስም ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ሌላ ልጅ ሲወለድለት «ካሳ» ይለዋል፤ ካሳዬ፣ ምትኩ፣ ተተካ የሚሉትም የዚያው ዘመዶች ናቸው። ስሙ የሞተውን እንደማይመልስ ሰያሚዎቹ አሳምረው ያውቃሉ። ሥራው ሌላ ነው፤ ልጁ በተጠራ ቁጥር ከዚያ ቤት አንድ ሰው መጉደሉን ያስታውሳል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ራሱ በሁለት ካሳዎች መካከል የቆመ ነው። ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ፤ ካሳ ምርጫ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆኑ። በሁለቱ መካከል ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዙፋኑን የያዙት የዋጉ ሰው፣ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ የንግሥና ስማቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ። ከአንዱ ካሳ ያገኙትን ዘውድ ሐምሌ 1863 ዓድዋ አጠገብ ለሌላው ካሳ አስረከቡ። ይህ የስም ግጥምጥሞሽ ነው፤ ብዙ አይባልለትም። ዋግ ከካሳ ጋር ያላት ሒሳብ ግን በዚያ አልተዘጋም። ዛሬም ክፍት ነው፤ የተከፈተውም በጦር ሜዳ ሳይሆን በሰሊጥ እርሻ ላይ ነው።

*

እንግዲህ ከጥንቱ እንነሳ። በደጋው ልማድ ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አደረሰው?» ነው። አድራሹ ከታወቀ ካሳው ይቆረጣል፤ ነፍስ ከጠፋ የደም ዋጋ ይከፈላል፣ እርቅ ይወርዳል። ጉዳቱ የሚለካው ከአጥፊው ጥፋት ጋር ተያይዞ ነው። አጥፊ ከሌለስ? ያኔ ነገሩ ወይ የፈጣሪ ቁጣ፣ ወይ የዕለት አደጋ፣ ወይ ዕድል ይሆናል። ሰቆጣ ከአፋር ምድር የሚመጣው የአሞሌ ጨው የሚያልፍባት ገበያ በነበረችበት ዘመን፣ ከጭነት ጋር ገደል የገባ የነጋዴ አሽከር ማንን ይጠይቃል? በቅሎዋን? መንገዱን?

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አልነበረም። አውሮፓም ውስጥ እጁን መዘውር የበላው ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት። ምስክሮቹ ደግሞ እንጀራቸው በዚያው አሠሪ እጅ ያለ ባልደረቦቹ ናቸው። ጀርመን በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1884፣ እንግሊዝ ደግሞ በ1897 ያወጧቸው ሕጎች ይህን ቋጠሮ በሌላ በኩል ፈቱት። «ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። በምትኩ «ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከሥራው ከመጣ ይከፈላል፤ በቃ። ሠራተኛው ጥፋት ከማስረዳት ይገላገላል፤ አሠሪውም የሚከፍለው ልኩ የታወቀ ይሆናል። ለእኔ ይህ ከባቡርና ከስልክ የማይተናነስ ፈጠራ ነው። አደጋን ከዕድል መዝገብ አውጥቶ በሥራ ወጪ መዝገብ ላይ ጻፈው።

ወደ እኛም ደረሰ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በደነገገበት ክፍል የአሠሪውን ኃላፊነት አካተተ። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ደርግ በ1968 አዋጅ ቁጥር 64ን አወጣ። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ቀጥሎ 377/1996፣ አሁን የምንሠራበት 1156/2011 ተከተሉ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሕጉ ቢለወጥም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል የሚለው መርህ ዛሬም በአዋጁ ውስጥ ቆሟል።

ይህ መርህ በቁጥር ሲተረጎም እንዲህ ነው። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው፤ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገውም እንዲሁ። ከሥራ በተለየባቸው የመጀመሪያ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለና በጡረታ ወይም በኢንሹራንስ ካልተሸፈነ የ5 ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በጉዳቱ መጠን ይሰላል። ከሞተ ለጥገኞቹ የሚከፈለው ሲከፋፈል የትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ይጦራቸው የነበሩ ወላጆች እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ይደርሳቸዋል። ሰክሮ ሥራ የገባ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ ግን ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ይቆጠርበታል።

ደግሞም ሕጉ ወረቀት ለሌለው ሰው በሩን አልዘጋም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ደብዳቤ እንዲሰጥ ታዟል፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ወቅታዊ ሥራም ሥራ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ ያምራል፤ እኔም አልከራከርም።

*

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ከጋዝጊብላ ወይም ከዳህና የወጣ የ20 ዓመት ወጣት ይሁን። የአባቱ ማሳ ተዳፋት ላይ ናት፤ አፈሯ ታጥቧል፣ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለአጨዳ፣ ከጓደኞቹ ጋር ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አብደራፊ፣ ወደ ሁመራ ይወርዳል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ፍሬው ደርሶ ካልታጨደ ፈንድቶ መሬት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ባለእርሻው በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጅግ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ከደጋው ይመጣል፤ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች።

የሁመራ ሜዳ ለትልልቅ የንግድ እርሻ የተከፈተው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ሰሊጡና ማሽላው ሲስፋፋ ደገኛው ተከትሎ ወረደ። ደገኛውን ደግሞ አንድ በሽታ ጠበቀው፤ ካላዛር።

ካላዛርን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ቀን በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ ሥር ተደብቃ ትውላለች፤ ማታ ትወጣለች። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ማታ የት ነው? ሜዳ ላይ፣ በዛፍ ሥር፣ በዋልካው ላይ ተኝቷል። ዝንቧ ስትነክሰው አይታወቀውም። ሕመሙ የሚገለጠው ከሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ከወራት በኋላ ነው፤ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ እብጠት። ካልታከመ ያለ ጥርጥር ይገድላል ማለት ይቀላል። እስከዚያ ድረስ ልጁ ደመወዙን ተቀብሎ፣ አጨዳውን ጨርሶ፣ ሰቆጣ ገበያ ላይ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ቤቱ ገብቷል።

በ1960ዎቹ ሁመራ ውስጥ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ታየ፤ የተመቱት በብዛት ከደጋ የወረዱ ሠራተኞች ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በሽታው ከዚያ በፊት በማይታወቅባት በሊቦ ከምከም ፈነዳ። መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ወደዚያ ያደረሱት ከሁመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሠራተኛው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የእርሻውን በሽታም ይዞ ይመለሳል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ታሞ ቢከስ፣ ሕክምና ፍለጋ ጎንደር ድረስ ቢሄድ፣ ቤተሰቡ በሬ ቢሸጥ፣ ካሳ ይገባዋል?

አንድ ማጭድ ጣቱን ቢቆርጠው ኖሮ፣ አዎ። በባለእርሻው የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና ላይ ሳለ ቢገለበጥ፣ አዎ። በካላዛር ሲሆን ግን አዋጁ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች። አንቀጽ 98 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ምን እንደሆነ ይተረጉማል፤ ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የተነሣ፣ ሕይወት ባላቸው ተዋሲያን የሚመጣውንም ይጨምራል። እሰየው ስንል ወዲያው ይመለሳል፤ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ ተስፋፍቶ የሚገኝና እዚያው የሚይዝ ነዋሪ ወይም ወረርሽኝ በሽታ አይቆጠርም ይላል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራው ያንኑ በሽታ መከላከል የሆነ ሠራተኛ። በሽታውን ለመዋጋት ብቻ የተቀጠረ ባለሙያ ቢያዝ ካሳ አለው። ሰሊጥ ሲያጭድ የተያዘው የለውም።

*

ይህች ዓረፍተ ነገር ከክፋት የመጣች አይመስለኝም። አመክንዮዋ ይገባኛል። ወባ ባለበት አገር ሁሉም ሰው በወባ ይያዛል፤ ባለእርሻውም፣ ባለሱቁም፣ ሕፃኑም። አሠሪው የአገሩን አየር እንዴት ይከፍላል? ትንሽ እርሻ ያለው ሰው ለታመመ ሁሉ የ5 ዓመት ደመወዝ ቢጠየቅ በአንድ ክረምት ይዘጋል። ደግሞስ ዝንቧ የነከሰችው በማን ማሳ ላይ ሳለ ነው? ልጁ በአንድ ወቅት ከ3 አሠሪ ጋር ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ዓረፍተ ነገሯ አንድ ነገር ታስባለች፤ ሠራተኛው የአካባቢው ሰው ነው ብላ ታስባለች። በቤቱ ቢቀመጥም በሽታው ያገኘው ነበር ትላለች። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እርግጥ ዋግም ቆላ አላት፤ አበርገሌና ዝቋላ ተከዜ ዳር ናቸው፣ ወባን ያውቋታል። የደጋው ልጅ ግን ካላዛር ወዳለበት ዋልካ የወረደው ለሥራ ብቻ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ያደረው ማደሪያ ስላልተሰጠው ነው። ለእሱ በሽታውና ሥራው አንድ ናቸው።

ይህን ደገኛው ድሮም ያውቅ ነበር። ቆላ ማሳ ያለው ገበሬ ቀን አርሶ ማታ ወደ ደጋ የሚወጣው ንዳድን ፈርቶ ነው። መንግሥትም በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በደንብ አይቶታል። ከረሃቡ በኋላ በሰፈራ ከተጓዘው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ብዙው ከወሎ ነበር፤ ዋግም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ደገኛው ቆላ ሲወርድ በበሽታ ረገፈ። የደጋ ሰው ሰውነት ለቆላ በሽታ ባዕድ መሆኑ እንግዲህ አዲስ ግኝት አይደለም። ከዚያ በኋላ የወጡት አዋጆች ግን ይህን ትምህርት አልያዙትም።

አማራጭ አለው ከተባለ አንድ አለ። በፍትሐ ብሔሩ ከውል ውጭ ኃላፊነት ገብቶ «አሠሪዬ አጎበር አልሰጠኝም፣ ሜዳ ላይ አሳደረኝ፣ አጥፍቷል» ብሎ መክሰስ ሊሞክር ይችላል። ይህ ማለት ግን ጥፋት ማስረዳት ነው፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 ወደ ተወችው ቦታ መመለስ። በዚያ መንገድ የኅሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያው ምን ያህል መሰላችሁ? 1,000 ብር። በ1952 የተጻፈ ቁጥር ነው።

የተሻለው በር ግን እዚያው አንቀጽ 98 ውስጥ አለ። በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ከሥራ ዓይነታቸው ጋር የሚዘረዘሩበት ሠንጠረዥ በመመሪያ እንዲወጣና በየጊዜው እንዲከለስ አዋጁ ያዛል። በሠንጠረዡ የተጻፈ በሽታ፣ በተጻፈው ሥራ ላይ የነበረን ሰው ከያዘ፣ ያ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 በከለሰው ዝርዝር ከሥራው ጋር ያላቸው ግንኙነት በሳይንስ ለተረጋገጠ ሌሎች ተዋሲያን ቦታ ትቷል። ካላዛርና የቆላ ወቅታዊ የእርሻ ሥራ ደግሞ ግንኙነታቸው ለ50 ዓመት ሲጻፍ የኖረ ነው። ለወጪው ባለእርሻውን ብቻውን መተው አያስፈልግም። ቢስማርክም የከፈሉት ከአንድ አሠሪ ኪስ ሳይሆን አሠሪዎች በጋራ ካዋጡት መድን ነው። ሰሊጥ ከአገራችን ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው፤ ከእያንዳንዱ ኩንታል ጥቂት ሳንቲም ብትቀመጥ ለአጫጁ አጎበር፣ መጠለያና የሕመም ጊዜ ደመወዝ ትሆናለች። ይህ እስኪሆን ግን የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር መታረም አለባት፤ «የአካባቢው ነዋሪ ላልሆነና ለሥራ ለመጣ ሠራተኛ ይህ አይሠራም» የምትል አንዲት ሐረግ ትበቃታለች።

ጊዜውም ያሳስባል። ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነለት በ1 ዓመት ይታገዳል። በሽታው ወራት ተደብቆ ይቆያል፤ ልጁ መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ጎንደር ሲል ዓመቱ ያልቃል።

*

ወደ ስሙ ልመለስ። ካሳ የተባለ ልጅ የሞተውን ወንድሙን አይተካም ብለናል፤ ቤቱ መጉደሉን ይመሰክራል እንጂ። የሥራ ጉዳት ካሳም ቢሆን የተቆረጠ ጣት አይቀጥልም፣ ያበጠ ጣፊያ አይመልስም። መጀመሪያ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ከሥራህ የመጣ ነው፣ ዕድልህ አይደለም»።

ማጭድ ለቆረጠው ይህን ቃል ብለነዋል። ከሰሊጥ ማሳ ትኩሳቱን ይዞ ዋግ ተራራ ላይ ለወጣው ልጅ ግን እስካሁን አላልነውም። እናቱ ዛሬም «ምን ነካብኝ ልጄን?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱን ሐኪሙ ያውቀዋል፣ ባለእርሻው ያውቀዋል፣ ሠራተኛው ራሱ ያውቀዋል። የማያውቀው አዋጁ ብቻ ነው።