ልስን የጠበቀው ወርቅ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ወደ ቁስጥንጥንያ፣ ወደ ዛሬዋ ኢስታንቡል ይወስደናል። በዝግጅቱ የሚነሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወሩ ጃንዋሪ፣ ዓመቱ 532 ነው። የቁስጥንጥንያ ሕዝብ በሰረገላ እሽቅድምድም ለሁለት ተከፍሎ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ሰማያዊዎችና አረንጓዴዎች ይባላሉ። ሲፋለሙ የኖሩት እነዚህ ወገኖች በዚያ ሳምንት ጠባቸውን ትተው በምሥራቅ ሮም (በቢዛንታይን) ንጉሠ ነገሥት በዮስጢንያኖስ ላይ አበሩ። መነሻው ከሁለቱም ወገን ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳይ ነበር፤ ከበስተጀርባው ግን ግብር ያንገፈገፈው ሕዝብ ቆሟል። «ኒካ» እያሉ፣ ማለትም «ድል አድርግ» እያሉ ከእሽቅድምድሙ ሜዳ ወጥተው ከተማዋን በእሳት አጋዩአት። የመናገሻይቱ ታላቅ ቤተ ክርስቲያንም አብራ ነደደች።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደሚተርከው ንጉሡ ለሽሽት ተሰናድቶ ሳለ ልቡን ያጸናችው ሚስቱ ቴዎዶራ ናት። ጦሩ ሕዝቡን በሜዳው ውስጥ ከብቦ ፈጀ። የሟቹን ቁጥር ፕሮኮፒየስ 30,000 ያደርሰዋል።

ከዚያ እልቂት በኋላ 40 ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 23፣ በአመዱ ላይ የአዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ተጣለ። ስሟ ሀጊያ ሶፊያ ነው፤ ቅድስት ጥበብ ማለት ነው።

ዮስጢንያኖስ ሥራውን የሰጠው በግንበኝነት ለሸመገሉ ሰዎች አይደለም። የትራሌሱ አንቴሚዮስና የሚሊጢኑ ኢሲዶሮስ የሒሳብና የጂኦሜትሪ ሊቃውንት ነበሩ። አንቴሚዮስ ብርሃን በመስተዋት ላይ አርፎ እንዴት እንደሚመለስና እንዴት እንደሚሰበሰብ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ጠባዩን ደግሞ አጋቲያስ የተባለ ጸሐፊ አቆይቶልናል። ከጎረቤቱ ከዘኖን ጋር ተጣልቶ ኖሮ፣ በምድር ቤቱ ውኃ በትላልቅ ጋን ጥዶ አፈላ፤ እንፋሎቱንም በቆዳ ቱቦ እየመራ ወደ ዘኖን ወለል ለቀቀው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ዘኖንም የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ ብሎ እየጮኸ ወደ አደባባይ ሮጠ። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ የዘመኑ ሰው አንቴሚዮስን እንዴት ያየው እንደነበር ያሳያል። ንጉሡ ማንም ያልሞከረውን ሕንፃ ሲያስብ የመረጠው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ጉልላት ሲባል እኛ መጀመሪያ የምናስበው ከቤተ ክርስቲያን ክዳን አናት ላይ መስቀል ተሸክሞ የሚታየውን ነው። የቢዛንታይኑ ጉልላት ግን ራሱ ክዳኑ ነው፤ እንደተደፋ ቅል ክብ ሆኖ ቤቱን ይሸፍናል። ክብ ጉልላትን በክብ ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ሮማውያን ከ400 ዓመት በፊት ያውቁበታል። የሮማው ፓንቴዎን እስከ ዛሬ ቆሞ ይመሰክራል። የቁስጥንጥንያው ፈተና ክቡ ጉልላት የሚያርፍበት ስፍራ አራት ማዕዘን መሆኑ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። አራት ግዙፍ ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ ከምሰሶ ምሰሶ ቅስት ይዘረጋል። በየማዕዘኑ፣ በቅስትና በቅስት መካከል ባዶ የሚቀረውን ስፍራ ታቹ የሾለ፣ ላዩ የሰፋ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ ግንብ ይሞላዋል። አራቱ ግንቦች ከላይ ሲገናኙ ክብ ይሠራሉ። ጉልላቱ በዚያ ክብ ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱም በእነርሱ በኩል ወደ አራቱ ምሰሶዎች ይወርዳል። ዘዴው ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ በዚህ መጠን ግን የደፈረው አልነበረም። ጉልላቱ ከዳር እስከ ዳር 31 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከወለሉ እስከ አናቱ ዛሬ 55 ሜትር ያህላል። በምሥራቅና በምዕራብ ግማሽ ጉልላቶች ደግፈውታል። በግርጌው ዙሪያ 40 መስኮቶች ከበውታል፤ ጠዋት ፀሐይ በነዚህ ስትገባ ከመስኮት መስኮት ያለው ግንብ ለዓይን ይጠፋል። ፕሮኮፒየስ ጉልላቱ በግንብ ላይ ያረፈ ሳይሆን ከሰማይ በወርቅ ሰንሰለት የተንጠለጠለ ይመስላል ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። ስለ መስተዋት የጻፈው ሰው በዚያ ቤት ብርሃንን ከጡብና ከኖራ እኩል የግንባታ ዕቃ አድርጎታል።

እብነ በረዱ ከየአገሩ መጣ፤ ነጩ ከማርማራ ባሕር ደሴት፣ አረንጓዴው ከቴሳሊ፣ ሐምራዊው ድንጋይ ከግብፅ። ዲሴምበር 27 ቀን 537 ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። ከስድስት ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕንፃ ማለቁ ዛሬም ያስደንቃል።

ጥድፊያው ግን ዋጋ ነበረው። ጡቡን የሚያያይዘው የኖራ ጭቃ በወፍራሙ ስለተነጠፈ ቶሎ አልደረቀም። ገና ሳይጠና ክብደት ስለተጫነበት ምሰሶዎቹ ወደ ውጭ አዘነበሉ። የመጀመሪያው ጉልላት ደግሞ ከዛሬው ይልቅ ዝርግ ነበረ፤ ዝርግ ጉልላት ግፊቱ ወደ ጎን ይበረታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ካናጋው በኋላ በ558 ተደረመሰ። የኢሲዶሮስ የሥጋ ዘመድ የሆነው ታናሹ ኢሲዶሮስ ጥፋቱን መረመረ፤ አዲሱን ጉልላት 6 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አቆመው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ562 እንደገና ተከፈተች። በ989 ከፊሉ ሲወድቅ የአርሜንያው ተርዳት ጠገነው፤ በ1346 ደግሞ በምሥራቅ በኩል ወድቆ ተሠራ። ዛሬ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው የሦስት ዘመን ግንበኞችን እጅ ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የምትገናኝ አንዲት ነገር አለች። የሀጊያ ሶፊያን ውበት የጻፈው ያው ፕሮኮፒየስ፣ የአክሱሙን ንጉሥ የአፄ ካሌብንም ነገር ጽፏል። በ531 ገደማ ዮስጢንያኖስ ዩልያኖስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ካሌብ ላከ። ጉዳዩ ሐር ነበር። ሐሩ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚደርሰው በፋርስ በኩል ስለሆነ የሮም ገንዘብ ወደ ጠላት ኪስ ይገባል፤ ስለዚህ አክሱማውያን ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ ጠየቀ። ነገሩ አልሰመረም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚደርሱበት ወደብ ቀድመው እየተገኙ ሐሩን ጠቅልለው ይገዙ ነበር። ሀጊያ ሶፊያን ያስገነባው ንጉሥ አክሱምን እንደ ወዳጅ መንግሥት ይቆጥር እንደነበር ግን ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሞዛይኩ እንምጣ። ሞዛይክ በብሩሽ የሚሳል ሥዕል አይደለም። ድንጋይ፣ እብነ በረድና ቀለም ያለው መስተዋት በጥፍር መጠን እየተቆረጠ፣ ገና እርጥብ በሆነ ልስን ላይ አንድ በአንድ ይተከላል። ወርቁ የተለየ ብልሃት አለው። ከወረቀት የሳሳ ወርቅ በአንድ መስተዋት ላይ ይነጠፍና ሌላ ስስ መስተዋት ከላይ ይደረብበታል፤ በእሳት ተዋህዶ ሲወጣ ይቆረጣል። ወርቁ በመስተዋት መካከል ስለተዘጋበት አይላላጥም፣ አይደበዝዝም። ሠራተኛው ሲተክላቸው አስተካክሎ አይደለም፤ አንዱን ቀና፣ ሌላውን ዘንበል ያደርጋል። ጥርት ብሎ የተስተካከለ የወርቅ ግድግዳ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያበራል። ያዘነበለው ግን ሰው በተራመደ ቁጥር፣ ሻማም በተወዛወዘ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ሲሠራ የታሰበው ለኤሌክትሪክ ብርሃን ሳይሆን ለመቅረዝና ለፀሐይ ነው፤ ዛሬ በፎቶ ብቻ የሚያየው ሰው ግማሹን አላየም ማለት ይቻላል።

የዮስጢንያኖስን ዘመን ሞዛይክ በሰው መልክ ማየት የሚፈልግ ግን ወደ ጣሊያን፣ ወደ ራቬና መሄድ አለበት። በ547 በተባረከችው በሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግራና ቀኝ ንጉሡና ንግሥቲቱ ከነአጀባቸው ቆመዋል። እርሱ የወርቅ ጻሕል፣ እርሷ ጽዋ ይዘዋል። በቀሚሷ ዘርፍ ላይ ስጦታ ይዘው የሚጓዙት ሰብአ ሰገል ተጠልፈዋል። ዮስጢንያኖስ ራቬናን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ቴዎዶራም በ548 አረፈች። ከዚያ ሁሉ ባለሟል መካከል ስሙ ከራሱ በላይ የተጻፈለት ኤጲስ ቆጶሱ ማክሲምያኖስ ብቻ ነው፤ ሥራውን ያስፈጸመ ሰው ራሱን አልረሳም።

በሀጊያ ሶፊያ የመጀመሪያው ጌጥ የወርቅ መደብ፣ መስቀልና ሐረግ ነበር። የሰው መልክ በኋላ መጣ፤ የመጣውም በብዙ ጭንቅ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ቅዱሳት ሥዕላትን ጣዖት ናቸው ብለው ተነሡባቸው። ሥዕል ተፋቀ፤ ሥዕል የያዘ ተሰደደ። በዚያው ኢስታንቡል ባለችው በቅድስት ኢሬኔ ከመቅደሱ በላይ የዚያ ዘመን ሞዛይክ ዛሬም ይታያል፤ በሰፊው ወርቅ መካከል አንድ ጥቁር መስቀል ብቻ ነው። ክርክሩ በ843 በሥዕል ወዳጆች ድል ተዘጋ። ማርች 29 ቀን 867 ፓትርያርኩ ፎጢዮስ በሀጊያ ሶፊያ ቆሞ፣ ከመቅደሱ በላይ አዲስ ለተሠራችው ልጇን ለታቀፈችው እመቤታችን ሥዕል የምረቃ ስብከት ሰበከ። ሥዕሏ ዛሬም እዚያው አለች።

በላይኛው ሰገነት ደግሞ የንግሥት ዞዪ ሥዕል አለ። ክርስቶስ በመካከል ተቀምጧል፤ በአንድ ወገን ቆስጠንጢኖስ 9ኛ የገንዘብ ከረጢት፣ በሌላው ዞዪ ጥቅል ጽሑፍ ይዘዋል። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የሦስቱም ፊት ተነቅሎ እንደገና መተከሉን ያስተውላል። የንጉሡ ስም የተጻፈበት ስፍራም ተፍቆ እንደገና ተሞልቷል። ዞዪ ሦስት ጊዜ ያገባች ንግሥት ናት፤ ቆስጠንጢኖስን በ1042 ስታገባ ዕድሜዋ ከ60 አልፎ ነበር። ባል ሲለወጥ ግድግዳው ላይ ያለው ንጉሥም ተለወጠ። በሥዕሉ ላይ ግን አንዲት መጨማደድ የላትም።

በ1204 ከምዕራብ የመጡት የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ዘረፉ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ንዋያተ ቅድሳት ያጋዙት ክርስቲያኖች ነበሩ። ሜይ 29 ቀን 1453 ዳግማዊ መሕመድ ከተማዋን ሲይዝ ሀጊያ ሶፊያ መስጊድ ሆነች። የሰው መልክ ያላቸው ሞዛይኮች ባንዴ አልጠፉም፤ በዘመናት ውስጥ ቀስ በቀስ በኖራና በልስን ተሸፈኑ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። ሞዛይኩን ከእጅ፣ ከጢስና ከዝርፊያ የሰወረው ግን ያው ልስን ነው።

በ1847 ሱልጣን አብዱልመጂድ ሕንፃውን እንዲጠግኑ የፎሳቲ ወንድማማቾችን ቀጠረ። ልስኑን ሲያነሱ ወርቁ ወጣ። ሱልጣኑ አየ፤ ወንድማማቾቹም እየሳሉ መዘገቡ፣ ከዚያ መልሰው ሸፈኑት። እነርሱ ከሳሏቸው አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ የቀረልን ሥዕላቸው ብቻ ነው። በ1931 አሜሪካዊው ቶማስ ዊትሞር ፈቃድ አግኝቶ ልስኑን በትናንሽ መሮ እያስፈለፈለ ማንሳት ጀመረ። ሕንፃው በ1935 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ በጁላይ 2020 እንደገና መስጊድ ሆነ። ያን ጊዜም ከመቅደሱ በላይ ያለችው ሥዕል በስግደት ሰዓት በመጋረጃ እንድትሸፈን ተወሰነ።

በኢስታንቡል የምታልፉ አድማጮች፣ ጊዜ ካላችሁ ወደ ደቡቡ ሰገነት ውጡ። እዚያ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይክ ታገኛላችሁ፤ ክርስቶስ በመካከል፣ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ ሲያማልዱ። ታችኛው ክፍል ረግፏል። አጠገቡ መስኮት አለ፤ ሠዓሊው በፊቶቹ ላይ ያኖረው ጥላ ብርሃኑ በእውነት ከሚገባበት ከዚያ መስኮት አቅጣጫ ጋር ይስማማል። ፊት ለፊቱ ወለል ላይ የ1204ቱን ዘመቻ የመራው የቬኒሱ መስፍን የኤንሪኮ ዳንዶሎ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተነጥፏል። ሠዓሊው ማን እንደነበር ግን ስሙ የትም አልተጻፈም።