ከቤተልሔም ድጓ ቤት እስከ መሪጌታነት

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት አድርጎ ወደ ወሎ የሚሻገር መንገደኛ፥ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል፤ ታሪክ ያነበበ ሰው እንደ ሆነም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ የሄዱበትን ያን ከባድ ጕዞ ያስታውሳል። ከዚሁ መንገድ ወጣ ብላ በጋይንት ምድር የምትገኘውን ቤተልሔምን ግን ጠይቆ የሚያልፍ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ስለዚህች ስፍራና፥ ከእርስዋ አስመስክሮ ስለሚወጣው የመዘምራን አለቃ የሥራ ዘመን ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመዘምራን መሪ የሚባል ሹመት አለ። ይህን ሹመት የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመታ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ኦርጋን የለም፤ ከበሮና ጸናጽል፥ መቋሚያም አለ እንጂ። ሹመቱ ግን ከጥንት ጀምሮ አለ፤ መሪጌታ ይባላል። ከቀኙ ቀኝ ጌታ፥ ከግራው ግራ ጌታ ይቆማሉ፤ ደባትሩም በሁለት ወገን ትይዩ ተሰልፈው እርሱ የሚመራውን ይቀበላሉ። የዚህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ወዴት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ለድጓው መልሱ ቤተልሔም ነው።

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት በአክሱም እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል። ትሉ ዛፉን ለመውጣት ደጋግሞ ስለ መውደቁ የሚነገረውንም ተማሪ ሁሉ በቃሉ ስለሚያወራው እዚህ አንደግመውም። ድጓውን፥ ጾመ ድጓውን፥ ዝማሬውን፥ መዋሥዕቱንና ምዕራፉን በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይ አዘጋጅቶ ማለፉን ብቻ ተናግረን ወደ ተነሣንበት እንሂድ።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ1521 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር መጻሕፍቱ፥ ከመጻሕፍቱም ጋር መምህራኑ ጠፉ። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ድጓው ከዚያ እሳት ተርፎ የተገኘው በቤተልሔም ነው፤ ስለዚህም ከየአገሩ ያለው መምህር ድጓውን ወደዚያ እያመጣ ያስተያይ ጀመር። በዚሁ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት የዜማ ሊቃውንት ተነሥተው ለድጓው ሥርዐት እንዳወጡለት፥ ንጉሡ ላሠሩት ለተድባበ ማርያም ካህናትም እንዳስተማሩ ተጽፎ ይገኛል። ተድባበ ማርያም ያለችው በሳይንት ነው፤ ይኸውም ከስማዳና ከታች ጋይንት በኩል ሲታይ ከበሽሎ ማዶ መሆኑ ነው። እንግዲህ ካርታውን ዘርግቶ የሚያይ ሰው፥ የአገራችን ዜማ ከጥፋት ተርፎ የታደሰው በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ እንደ ሆነ ሊያስተውል ይችላል። እኛ የእስቴ ልጆች በዚህ ነገር ብንኰራ የሚፈርድብን አይኖርም ብለን እናምናለን።

ሁለቱ አዛዦች አወጡት የሚባለው ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ላላየው ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። የድጓው ንባብ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ከንባቡ በላይ በረቂቅ ፊደል ምልክቱ ይሰፍራል። ምልክቱ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ሲሆን፥ ከሌላ ከታወቀ ዜማ ቃል ተቈርጦ የተወሰደ ነው። ተማሪው ያን ፊደል ባየ ጊዜ የወጣበትን ቃል ያስታውሳል፤ ቃሉን ሲያስታውስ ዜማው ይመጣለታል። እንዲህ ያሉት ምልክቶች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ከእነርሱ ሌላ ይዘት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ቁርጥ፥ ርክርክ እየተባሉ የሚጠሩ የነጥብና የጭረት ምልክቶች አሉ። ከዚህ እንደምንረዳው ምልክት ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላላወቀ ሰው አስተማሪ አይደለም። የፈረንጁ ኖታ ዜማውን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ያሳየዋል፤ የእኛው ግን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ያልሰማውን ሰው ዝም ይለዋል። ቪዮቶ የተባለው ፈረንሳዊ የዜማ ሊቅ ከናፖሌዎን ዘመቻ ጋር ወደ ግብፅ በሄደ ጊዜ፥ በካይሮ ካገኛቸው የኢትዮጵያ ካህናት እየሰማ ዜማችንን በኖታ ለመጻፍ ደክሟል። እርሱም ቢሆን ካህናቱን ፊቱ አስቀምጦ መስማት ግድ ሆኖበታል። ቤተልሔምም ይህን ያህል ዘመን ልትከበር የቻለችው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ መጽሐፉ በየደብሩ ሞልቶ ሳለ መጽሐፉን የሚያናግረው አፍ ጥቂት ነውና።

ዓለም ግን ቤተልሔምን ያወቃት በዜማዋ ሳይሆን በሕንፃዋ ነው። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ የመጣ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት፥ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ማንኛውም የአገራችን ደብር ክብ የሣር ክዳን ከሆነው ቤት ውስጥ ገብቶ፥ በመካከሉ ጥንታዊ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ አገኘ። ይህንንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ገለጠው።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። ከእስቴ ወይም ከስማዳ የወጣ ልጅ ንባቡን በአጥቢያው ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ የዜማ መምህር ወዳለበት ይሄዳል። ቀን ለምኖ ቁራሽ ያመጣል፤ የመንደሩ ውሻ ከእርሱ ጋር ያለውን ጠብ እዚህ ላይ መጻፍ አያስፈልግም፥ ባቱን ገልጦ ጠባሳውን ያሳየ መሪጌታ ብዙ ነው። ማታ ማታ ያለ መብራት በቃሉ ያጠናል። ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ይዞ ወደ ድጓው ሲገባ፥ ራሱ ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ መቃ ቀርጾ የራሱን ድጓ ይጽፋል። የገዛ መጽሐፉን ያልጻፈ ተማሪ እንደ ተማሪ አይቈጠርም ነበር። በየዕለቱ የተማረውን ያህል ምልክቱን እያገባ ሲሄድ፥ ዓመታት ካለፉ በኋላ መጽሐፉና ተማሪው አብረው ያልቃሉ። ያን ጊዜ መጽሐፉን አዝሎ ቤተልሔም ይወርዳል፤ በመምህሩ ፊት ዜማው ይሰማል፥ ምልክቱ ይታረማል፥ የጐደለው ይሞላል። ይህን ከፈጸመ በኋላ አስመሰከረ ይባላል። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ እንደ ሆነ በዚያው አገር ወደምትገኘው ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ አቋቋም የፈለገም ጎንደር በአታ ወርዶ ዝማሜውን፥ መረግዱንና ጽፋቱን ይማራል።

ይህን ስናስብ ዘወትር ትዝ የሚለን አንድ ጀርመናዊ አለ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኅ የተባለው ታላቁ የሙዚቃ ሊቅ የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ በአርንሽታት ከተማ ኦርጋን መቺ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1705 የአራት ሳምንት ፈቃድ ተቀብሎ፥ ቡክስተሁደ የተባለውን ሽማግሌ ኦርጋን መቺ ለመስማት ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሚርቀው ወደ ሉቤክ በእግሩ ሄደ፤ አራት ወር ያህልም ቈይቶ በመመለሱ አለቆቹ ገሠጹት። ኋላ በ1723 በላይፕሲግ የመዘምራን አለቃ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1750 ድረስ በዚያው ሠራ። የቤተልሔም ተማሪ ይህን ቢሰማ የሚያስደንቀው በእግር መሄዱ ሳይሆን የፈቃዱ ማጠር ይመስለናል።

አስመስክሮ የወጣው ሰው ደብር ሲያገኝ ሥራው ከባድ ነው። የትኛው በዓል ከየትኛው እሑድ ጋር ቢገጥም ምን እንደሚቆም፥ ምን እንደሚቀር እርሱ ይለያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ይመራል፤ ጧት ደግሞ ለልጆች ቀለም ይነግራል። መተዳደሪያው ከደብሩ መሬት ነበረ። እዚህ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስን ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብለው በ1852 ዓ.ም. ገደማ የቀረውን መሬት በወሰዱ ጊዜ፥ ስለ ንጉሡና ስለ ካህናቱ ጠብ ብዙ ተጽፏል። በቍጥሩ ውስጥ ስላልገባው ሰው ግን የጻፈ ጥቂት ነው፤ ደብተራው ቄስም ዲያቆንም አይደለምና። በእኛ አስተያየት ንጉሡ ለሠራዊታቸው ስንቅ መፈለጋቸው የሚገባን ነገር ሲሆን፥ ለዜማው ግን ስፍራ አለመተዋቸው በደል ነበረ። ከዚያም በ1859 ዓ.ም. በራሳቸው በንጉሡ ትእዛዝ፥ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በደርቡሾች እጅ ጎንደር ተቃጠለች። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ የደብሩ መሬት ሁሉ አብሮ ሄደ። መሪጌታውም ከዚያ ወዲህ በምእመናን ገንዘብ የሚኖር ደመወዝተኛ ሆነ፤ ደመወዝ ደግሞ ከገጠር ይልቅ በከተማ ይሻላል። በአዲስ አበባ አድባራት ማኅሌት የቆመ ሰው የጋይንትንና የእስቴን አነጋገር በብዛት የሚሰማው ስለዚህ ነው።

እኛ በልጅነታችን ፊደል የቈጠርንባቸው የኔታ ወደ ከተማ አልሄዱም። ድጓቸውን በወጣትነታቸው ጽፈው፥ በቤተልሔም አሳርመው፥ ወደ እስቴ ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው በአንድ ደብር መሪጌታ ሆነው ኖሩ። በእርጅናቸው ዘመን የቤታቸው ክዳን አፍስሶ ከመጽሐፉ አንድ ቅጠል ተበላሸባቸው። ንባቡን በአዲስ ብራና ደግመው ጻፉት፤ ምልክቱን ሳያገቡ ግን ዓይናቸው ደከመ። በዓሉ በደረሰ ቍጥር ያን ቅጠል በቃላቸው ይመሩት ስለ ነበር ማንም ጕድለቱን አላሰበውም። መጽሐፉ ዛሬ አስቀጻያቸው በነበረው ሰው እጅ ይገኛል። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አገር ቤት በሄድን ጊዜ ይህ ሰው ቅጠሉን ገልጦ አሳየን። አብዛኛውን ከእርሳቸው እንደ ሰማው ምልክቱን አግብቶበታል፤ በሁለት መስመር ላይ ግን፥ የሰማው እንዲህ ይሁን እንዲያ ተጠራጥሮ ባዶ ትቶታል። ገምቶ መጻፍን ፈርቷል። መጽሐፉን በማኅደሩ አድርጎ፥ ስንቁን አስቋጥሮ፥ በማግሥቱ ወደ ቤተልሔም ሊነሣ ተሰናድቶ ነበር።